ደመና ተብሎ የተጣለው ሳምንት

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያን ቀን ከላይ አሳየኝ» አልኩት።

ሥራው ስለሆነ ነው የለመንኩት። ሰማይ ላይ የምትዞር ሳተላይት አለች፤ ባለፈች ቁጥር ምድርን ፎቶ ታነሳለች። ልጄና ባልደረቦቹ ፎቶውን ይቀበሉና ደመናውን ከአቧራው፣ አቧራውን ከጭሱ ይለያሉ። ከዚያ የከተማው አየር በየሰፈሩ እንዴት እንደዋለ ቀን በቀን ካርታ ላይ በቀለም ያወጡታል። ንጹሕ የዋለው ሰማያዊ ነው፤ የቆሸሸው ቡናማ ነው፤ ደመና ሸፍኖት ያልታየው ደግሞ ባዶ ነጭ ነው።

አባቱ በሕይወት ሳለ ይቀልድበት ነበር። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ሳይ ኖርኩ፤ ይኼ ደግሞ ደመና እያየ ደሞዝ ይበላል» ይላል። ታላቅ እህቱማ ስሙን ከተወችው ቆየች፤ «ጋሼ ደመና» ነው የምትለው።

«ጋሼ ደመና፣ ነገ ልብስ ልጠብ ወይስ ይዘንባል?»

«እሱን ትንበያ የሚሠሩትን ጠይቂ። እኔ የትናንቱን ነው የማውቀው።»

«የትናንቱንማ እኔም አላጣሁት።»

ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ያባረረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ረዳቱን። አውቶቡሱን ወደ ኋላ ሲያወጣ ረዳቱ ከአንዷ ጋር ወሬ ይዞ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ «ና፣ ና፣ ና» ይለዋል። ከኋላ የቆመ ጋሪ ተጨፈለቀ። ሰው አልተጎዳም። ባለቤቴ ወርዶ አየና «ጃኬትህን ውሰድ» አለው። ልጆቹ «አባዬ፣ ለአንድ ጋሪ?» ሲሉት፣ «ለጋሪው አይደለም። አላየሁም ቢለኝ ወርጄ ራሴ እመለከት ነበር» ይላቸዋል። ይኼን ነገር እየደጋገመ ስለሚያወራው ልጆቹ ገና «አንድ ረዳት ነበረኝ» ብሎ ሲጀምር ነበር የሚስቁት።

ቤታችን ከከተማው ቆሻሻ መጣያ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። እኔ አለሁ፣ ሴቷ ልጄ አለች፣ የሷ ልጅ ሚጢጢ አለች። ወንዱ ሥራው አጠገብ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። በበጋ ቆሻሻውን ያቃጥሉታል። ጭሱ ሲመጣ መስኮት እንዘጋለን፣ እርጥብ ጨርቅ በበሩ ሥር እንወትፋለን። ሚጢጢ ደረቷን ያማታል፤ በአፏ የምትስበው መድኃኒት ትራሷ ሥር አይጠፋም።

ባለቤቴ ያረፈበት ሳምንት መጣያው እንዳለ የተያያዘበት ሳምንት ነው። ሳንባው ቀድሞም የደከመ ነበር። ጠዋት ላይ፣ እጁን ይዤው፣ አልጋው ላይ እንዳለ ሄደ። በመስኮቱ የጎረቤቴ ግድግዳ አይታይም ነበር። እኔ ከፈጣሪዬ ጋር ክርክር የለኝም፤ የሰጠም እሱ፣ የወሰደም እሱ። ግን አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ያን ጠዋት ፈጣሪ ቁልቁል ሲያየን ምን እንመስል ነበር? ሰፈራችን ከላይ ይታይ ነበር? ልጄን የለመንኩት ለዚህ ነው።

«እሺ እማዬ፣ አንድ ቀን» ይለኛል። አንድ ቀን ሳይመጣ ዓመት ሊሞላ ደረሰ። እንደፈራው ገባኝ፤ አልነዘነዝኩትም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ራሱ መጣና «ነጠላሽን ልበሺ፣ እንሂድ» አለኝ።

ቢሮው ብዙ ጠረጴዛ ያለበት ሰፊ ክፍል ነው። ማሽኑ እንዲቀዘቅዝለት ነው መሰል ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ሰው አልነበረም። በልጄ ጠረጴዛ ላይ አባቱ ሲነዳ የሚያደርገው ጥቁር መነጽር ተቀምጧል። ወንበር ሳበልኝ፤ ኮምፒዩተሩን ከፈተ፤ ቀኑን ሲጽፍ ጣቱ ተሳሳተበት፣ አጠፋና ደግሞ ጻፈ።

ሰፈራችን ነጭ ሆኖ መጣ። ምንም የለበትም።

«ምንድነው ይኼ?» አልኩት።

«ደመና ነበር ይላል እማዬ። ደመና ሲሆን አይታይም።»

እዚህ ድረስ መጥቼ ባዶ ወረቀት ያሳየኝ ያህል ሆነብኝ። እሱም አዘነልኝ መሰለኝ «ቆይ፣ የፊተኛውን ቀን ላሳይሽ፣ ቤታችን ይታይሻል» አለና ከፈተው። እሱም ነጭ ነው። ግን ከተማው እንዳለ ሰማያዊ ሆኖ የኛ ሰፈር ብቻ ነው ነጭ የሆነው። ያን ጊዜ ልጄ እጁን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሳ።

«ደመና እኛን ብቻ መርጦ ነው እንዴ የሚመጣው?» አልኩ፣ ለጨዋታ ያህል።

አልሰማኝም። አንድ ነገር ነካ አደረገና ሳይጣራ በፊት የነበረውን ፎቶ አመጣው። መጣያው ታየ። ከመጣያው ሽበት የመሰለ ነገር ተነስቶ፣ ቀጥን ብሎ ጀምሮ እየሰፋ ወርዶ የኛ ቤት ላይ ተኝቷል።

«ደመና ጭራ የለውም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሌላ ቀን ከፈተ። ጭራው አለ። ሌላም ከፈተ። እኔ አጠገቡ መኖሬን ረሳው። ቆይቶ ነው ያስረዳኝ፣ እኔም እንደገባኝ እነግራችኋለሁ።

ሳተላይቷ ሁለት ዓይነት ዓይን አላት። አንዱ እንደኛ ዓይን ብርሃን ያያል፤ ሌላው ሙቀት ያያል። ደመና ነጭ ነው፣ ቀዝቃዛም ነው። ጭስ ግን ቢነጣም የምድሩን ሙቀት ያሳልፋል። እነሱ ቢሮ አንድ ደንብ አለ፤ የተጠራጠርከውን ጣል። ከሁለቱ ዓይን አንዱ «ደመና ነው» ካለ ያ ቦታ ለዚያ ቀን ይጣላል። ደመና ሾልኮ ገብቶ ቆሻሻ አየር ተብሎ እንዳይቆጠር ነው ፍራታቸው። ጥሩ ጥንቃቄ ነው። ግን ጭሱ ሳሳ ሲል ይቆጠራል፤ ሰው ለሰው እስከማይተያይ ሲወፍር ደግሞ ብርሃን የሚያየው ዓይን «ደመና» ይላል፣ ይጣላል። ስለዚህ እኛ ክፉኛ የሳልንባቸው ቀኖች አንድም ካርታው ላይ የሉም። የተረፉልን ነፋስ የነፈሰባቸው ጥሩ ጥሩዎቹ ቀኖች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሰማያዊ ናቸው።

«ይኼን ደመና ነው እያለ የሚጥል ወንፊት የሠራው ማነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ።

ይኼ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ካርታው በዚያው ወር ለከተማው ምክር ቤት ሊቀርብ ነበር። የትኛው መጣያ ማቃጠል ያቁም ብለው የሚወስኑት እሱን አይተው ነው። የኛ ሰፈር ከንጹሖቹ መካከል ተጽፏል።

እንዲያው እንደተቀመጥን ኃላፊዋ መጡ። ቅዳሜም ይሠራሉ መሰለኝ። ጎልማሳ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ለለቅሶ ቤታችን መጥተው ስለነበር ያውቁኛል፤ «እማማ፣ እንዴት ከረሙ?» ብለው ጎንበስ ብለው ሳሙኝ። ልጄ ፎቶዎቹን አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አዩ፣ ኋላ ወንበር ስበው ተቀምጠው አዩ።

«ልክ ሳትሆን አትቀርም» አሉት። «ችግሩ ግን አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«ሳምንቱ አባትህ ያረፉበት ነው። ሰፈሩ የናንተ ነው። ዛሬ ወንፊቱን ብታላላው የመጣያው ሰዎች ምን ይላሉ? ልጁ አባቱ ቢሞትበት ካርታውን አጠቆረው ይላሉ። ደሞስ እንደሱ አለመሆኑን አንተ ራስህ በምን ታውቃለህ?»

ልጄ መሬት መሬት አየ። «እንግዲያው እንዲሁ ይቅረብ ነው የሚሉኝ?»

«አላልኩም። ዓይንህን አላምነውም ነው ያልኩት። የኔንም አላምነውም፤ ይኸው እናትህን እያየሁ ነው።»

ከዚያ ሁለቱ በዝግታ ተመካከሩ። የተጣሉት ፎቶዎች በትንንሹ ይቆረጣሉ። ቀን አይጻፍባቸውም፣ ቦታ አይጻፍባቸውም። ከሌሎች ከተሞች ፎቶ ጋር ይደባለቁና ሌላ ቅርንጫፍ ለሚሠሩ ሦስት ሰዎች ይላካሉ፤ እኛንም ሰፈራችንንም ለማያውቁ። እነሱ ሙቀቱንም ብርሃኑንም አይተው እያንዳንዱን ጭስ፣ ደመና ወይም አላውቅም ይላሉ። ሦስቱ የተስማሙበት ይጸናል።

«ያሉትን ትቀበላለህ?» አሉት ኃላፊዋ።

«እቀበላለሁ።»

«ሁሉንም?»

ወደኔ አየ፣ ከዚያ ወደሳቸው። «ሁሉንም» አለ።

እቤት ስንነግራት ሴቷ ልጄ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማች። እሷ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

«ጭስ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ሰው ከሌላ አገር?»

«ከሌላ ቅርንጫፍ ነው እታለም።»

«አንዱን እኔ ጋ አምጣው። ሚጢጢ አጠገብ አስተኛዋለሁ፤ ጠዋት ይነግርሃል።»

«አምንሻለሁኮ። እኔ የማላምነው ራሴን ነው።»

«እሱንስ እኔም ከድሮ ጀምሮ አላምንህም» አለች፤ ትንሽ ሳቅን። ሚጢጢም እኛ ስንስቅ አይታ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት፤ እናቷ መድኃኒቱን ፍለጋ ገባች። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ሳሉ እስኪያበቃ ሰማ። ከዚያ ደህና ሁኑም ሳይል ሄደ።

መልሱ እስኪመጣ ሥራዬ ጸሎት ሆነ። መጀመሪያ «ጌታዬ፣ ጭስ ነው እንዲሉ አድርግልኝ» ስል ነበር። አንድ ጠዋት ግን በመሃል አፌ ተያዘ። ያለፈ ነገር እኮ ነው። ጭስም ከነበረ ነበረ፣ ደመናም ከነበረ ነበረ፤ እሱ አይቶታል፤ አሁን ምን ቀይርልኝ ነው የምለው? ከዚያ ወዲያ «አንተ ያየኸውን ለነሱም አሳያቸው» ብቻ አልኩ። እሱም ቢሆን ቀላል ጸሎት አልነበረም።

ልጄ የመጣው ከሥራ ሲወጣ ነው። ቦርሳውን ሳያወርድ ቆመ። እህቱ ልብስ ስታጥፍ ነበር፤ አየችውና እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ አስቀመጠች።

«ምን አሉ?»

«ጭስ ነው አሉ። ሳምንቱን፣ ያለፈውንም በጋ፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም። ሦስቱም ተስማምተዋል። ሰፈራችን ከቆሸሹት ሁሉ ላይኛው ሆነ።»

«ተመስገን» አልኩ። አፌ ላይ ከመጣ በኋላ፣ ለምን እንደማመሰግን ግራ ገባኝ።

እሷ ግን ፊቱን እያየች ነበር። «ሌላስ?»

«አንዷ ቀን ቀረች።»

ማናችንም የትኛዋ አላልነውም።

«ሦስቱም ደመና ነው ያሉት እሷን ብቻ ነው። እኔም ደግሜ አየሁት። ቀዝቃዛ ነው፣ ከፍ ያለ ነው። እውነተኛ ደመና ነው። ከሥሩ ጭስ ሊኖር ይችላል፤ ሳተላይቷ ግን አላየችውም።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች እህቱ። «እጄን ዘርግቼ እጄን አላየሁም። ሐኪም ልጠራ ስወጣ በግድግዳ እየተደገፍኩ ነው የሄድኩት።»

«አንቺ አይተሻል። ካርታው ግን ሳተላይቷ ያየችውን ነው የሚያሳየው።»

«በፊቷ ያለችው ቀን ጭስ ናት። በኋላዋ ያለችው ጭስ ናት። በመሃል ያለችው ምን ልትሆን ነው? ብትጨምራት ማን ይጠይቅሃል?»

«ማንም።»

«እና?»

«እኔም መንገዱን ሁሉ እንደሱ እያልኩ ነው የመጣሁት።»

ድምፅዋ ከዚያም ዝቅ አለ። «አባዬ የሞተበትን ቀን ጣልከው ማለት ነው።»

ልጄ ቦርሳውን አወረደና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አባቱ ይተኛበት የነበረው አልጋ ነው። እኔን አየኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ጨምረው» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እናት ነኝ፤ ሚስትም ነበርኩ። እንዳላወጣው ከንፈሬን ነከስኩ፣ አትጨምረው ለማለትም አቅም አጣሁ።

«እታለም» አለ ኋላ፣ «አባዬ ያን ረዳት ለምን እንዳባረረው ታስታውሻለሽ?»

ሸሚዙን አነሳች፣ አጥፋው የነበረውን ፈትታ ደግማ አጠፈችው።

«ሳያይ ና ስላለው» አለች። ከዚያ ሸሚዙን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ለአባቷ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ በለቅሶው ቀን ሰው ስታስተናግድ ነበር የዋለችው።

ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቀን እኔና እሷ ከኋላ ተቀመጥን። ካርታው ግድግዳው ላይ በርቷል፤ ለእያንዳንዱ ሰፈር ቀን በቀን እንደ ሰድር የተደረደሩ ትንንሽ ካሬዎች አሉት። የኛ ሰፈር መስመር ቡናማ ነው። ኃላፊዋ ፎቶዎቹን ማን እንዳያቸው፣ እንዴት እንደተላኩ ተናገሩ። ልጄ አጠገባቸው ቆሟል፤ የአባቱን መነጽር ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ መምጣቱን አየሁ።

የመጣያው ተወካይ ተነሳ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አነጋገሩ የተስተካከለ ሰው ነው።

«ይኼ ወጣት የዚያ ሰፈር ልጅ መሆኑን ሰምተናል። አባቱንም በዚያው በጋ እንዳጣ ሰምተናል፤ ነፍስ ይማር። ሐዘን የገባው እጅ ቀለም ቢያበዛ አይገርምም።»

አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ሴቷ ልጄ ክንዴን ያዘች።

ሰውዬው ካርታውን ሲያይ ቆይቶ፣ «ቡናማ ውስጥ ይቺ ነጭ ምንድናት?» አለ።

«ደመና የነበረበት ቀን ነው።»

«ግራና ቀኟ ጭስ ነው ብለሃል። እሷን ጭስ ማለት ምን ቸገረህ?»

«አላየሁም።»

«ምን ሊሆን ይችላል ብለህ ታስባለህ?»

«ካርታው ላይ የማስበው አይጻፍም። አባቴ ያረፈው ያን ቀን ነው፤ ስለዚህ የማስበው ብዙ ነው። ያየሁት ግን የለም።»

ሰውዬው ወረቀቱን ሰብስቦ ተቀመጠ። ምን ይበል? ቀለም አብዝተሃል እንዳይል፣ ሊያበዛ የሚችልባትን አንዷን ቀን ባዶ ትቷታል።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፤ እስከዚያ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው ሲያዳምጡ ነበር። «ያን ቀን እዚያ የነበረ ሰው አለ?» ብለው ወደ አዳራሹ ጠየቁ።

ክንዴን የያዘው እጅ ለቀቀኝ። ሴቷ ልጄ ተነሳች።

«እኔ ነበርኩ» አለች። «ምን እንዳየሁ ልነግርዎ እችላለሁ። ግን ሌላ ሰው ሲነግርዎ ከሚሰሙ ይምጡና ይዩት። ዛሬም ይቃጠላል።»

በዚያው ሳምንት መጡ። ሰብሳቢው፣ ተወካዩ፣ ሌሎችም። ልጄ አልመጣም፤ ሥራ ላይ ነበር፤ መምጣትም አልፈለገም። ጠዋት ነው፤ ጭሱ ቁልቁለቱን ይዞ ወርዷል። ሰብሳቢው በራችን ላይ ቆመው «የጎረቤትዎ ቤት የቱ ነው?» አሉኝ። «ፊት ለፊትዎ ነው ጌታዬ» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ወደ ፊት ሄዱ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው ነክተው ተመለሱ። ከዚያ ሳል ያዛቸው። ተወካዩ ውሃ ለመነኝ፤ ለሁለቱም ቀዳሁላቸው።

መጣያው እንዳያቃጥል ታዘዘ። ቆሻሻው አሁንም እዚያው ተከምሯል፤ ሌላ ቦታ ይወሰዳል ይላሉ፣ እናያለን። ሚጢጢ መድኃኒቷን አልተወችም። በበሩ ሥር የምንወትፈውን ጨርቅ ግን አጥቤ መወልወያ አደረግሁት።

ልጄ የሰፈራችንን መስመር በወረቀት አትሞ አመጣልኝ። የምጸልይበት ጥግ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሚጢጢ ቀለም ታውቅ የለ፣ እርሳሷን ይዛ መጣች።

«አያቴ፣ ይቺን ረስተዋታል። ቡናማ ልቀባት?»

«ተያት የኔ ልጅ» አልኳት። «አልረሷትም። አልታየችም።»

«ለማንም?»

«ለሳተላይቷ።»

አጠገቤ ቆማ ካሬዋን በጣቷ ነካችና እርሳሷን ይዛ ወጣች። እኔም መስኮቱን ከፍቼ ወደ ጸሎቴ ተመለስኩ።